ቃጭሉን አትጠብቁ

ደረቁን የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮን ወይም ምዕራብ ቴክሳስን፣ ለአደን የሚረግጥ ሰው ራትልስኔክ ስለሚባለው መርዛማ እባብ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጆሮህን ቀስር» የሚል ነው። እባቡ ጅራቱ ላይ ያለውን ቃጭል ያቃጭላል፣ ትሰማለህ፣ ትቆማለህ፣ ዞረህ ታልፋለህ። ክፉ ምክር አይደለም። በእሱ ብቻ ተማምኖ በረሃ የሚገባ አዳኝ ግን ደኅንነቱን ለእባቡ በጎ ፈቃድ ትቶታል።

ይህ እባብ የሚኖረው ባለመታየቱ ነው። ቀለሙ የአቧራና የጠጠር ነው፤ አድፍጦ ሲጠብቅ ጥቅልል ብሎ፣ አገጩን ከወደቀ ግንድ ጫፍ ላይ አሳርፎ፣ አይጥ እስኪያልፍ ሰዓታት ይቀመጣል። ማቃጨል ማለት ቦታውን ማጋለጥ ነውና ሌላ መንገድ እስካለው ድረስ ዝም ይላል። በቅርብ ርቀት ሳታዩት ብታልፉት ብዙውን ጊዜ ምንም አይልም፤ እናንተም አላወቃችሁ፣ እሱም አልነካችሁ። ጉዳት የሚመጣው እግር ወይም እጅ በቀጥታ እሱ ላይ ወይም አጠገቡ ሲያርፍ ነው። ያን ጊዜ ለማስጠንቀቂያ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «እሰማው ይሆን?» ሳይሆን «እጄና እግሬ የት ነው የሚያርፉት?» የሚለው ነው።

ስለ ቃጭሉ ራሱም የተሳሳተ ነገር ብዙ ይወራል። የተሠራው ጥፍራችን ከተሠራበት ኬራቲን ነው። እባቡ ቆዳውን በለወጠ ቁጥር አንድ ቀለበት ይጨመርለታል። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚለውጥና የጫፎቹ ቀለበቶች እየተሰበሩ ስለሚወድቁ ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜ ማወቅ አይቻልም። ቃጭሉ ከሥሩ የተሰበረበት ትልቅ እባብም ያጋጥማል። አዲስ የተወለደው ደግሞ አንዲት ቀለበት ብቻ አለችው፤ የምትጋጨው ሌላ ስለሌለ ድምፅ አትሰጥም። ራትልስኔክ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፤ የሚወልደውም አብዛኛውን ጊዜ በበጋው ማብቂያ፣ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። አሪዞና ውስጥ የዱር እርግብ አደን የሚከፈተው ሴፕቴምበር 1 ነው። ወቅቱ ሲደርስ እንግዲህ ርዝመታቸው ከስንዝር ትንሽ ያለፈ፣ መርዝ ያላቸው፣ ድምፅ የሌላቸው እባቦች በየሣሩ ሥር አሉ ማለት ነው። «ትንሹ ከትልቁ ይብሳል» የሚባለው ግን ወሬ ነው፤ ትልቁ ብዙ መርዝ ስላለው በጠቅላላው የበለጠ ይጎዳል። የትንሹም ቢሆን ሆስፒታል ለማስገባት ይበቃል።

የአዳኝ ጆሮ ላይም ችግር አለ። የቃጭሉ ድምፅ በአብዛኛው ቀጭንና ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ነው፤ ለዓመታት ያለ ጆሮ መከላከያ የተኮሰ ሰው ቀድሞ የሚያጣው ደግሞ ይህንኑ ነው። ነፋስና ከእግር በታች የሚንኮሻኮሽ ደረቅ ሣር ይጨመርበት። ርቀቱንም በጆሮ መገመት አይቻልም፦ በ2021 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው እባቡ የሚጠጋው ነገር በጣም ሲቀርበው ከዝግታ ማቃጨል በድንገት ወደ ፈጣኑ ይዘላል፤ ሰሚው ሰውም እባቡ ከእውነቱ በጣም የቀረበ ይመስለዋል። ይህ ለእባቡ ጥቅም ነው፣ ለእናንተ ግን ድምፁን ይዛችሁ ወዴት እንደምትሸሹ ለመወሰን አይረዳም። መጀመሪያ በዓይን ፈልጉት።

የተገላቢጦሹም አለ። የአሪዞና ሲካዳ የሚባለው ነፍሳት ዛፍ ላይ ሆኖ ሲጮኽ ራትልስኔክ ይመስላል። ጎፈር ስኔክ የሚባለው መርዝ የሌለው እባብም ጅራቱን ደረቅ ቅጠል ላይ እያንቀጠቀጠ ራሱን ራትልስኔክ ያስመስላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው አንድ ጊዜ የደነገጠ አዳኝ ቀኑን ሙሉ ሲዘል ይውላል፤ ጥይት የጎረሰ ጠብመንጃ ይዞ መዝለል ደግሞ ከእባቡ የባሰ አደጋ ነው። ጣት ከቃታው ውጪ፣ ሴፍቲው ተቆልፎ፣ አፈሙዙ ከባልንጀራ ርቆ፤ ይህ ሁልጊዜ የሚባል ነገር ቢሆንም እባብ ባለበት አገር ትርጉሙ ይጨምራል።

መቼ ነው የሚወጣው?

እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። ራትልስኔክ እንደልቡ የሚንቀሳቀሰው በግምት ከ21 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ በፋራናይት ከ70 እስከ 90 ማለት ነው። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው የቀን መቁጠሪያ ሳያይ የት እንደሚያገኘው መገመት ይችላል። በኦገስትና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቀትር ላይ ጥላ የሌለው መሬት እባቡን ራሱን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ጥቅጥቅ ካለ ጥላ ሥር ነው። የሚወጣው ሲመሽ፣ ሌሊትና ሲነጋጋ ነው። አዳኝ ወደ መቀመጫው የሚሄድበትና ወደ መኪናው የሚመለስበት ሰዓት ያው ነው፤ በበጋ አደን ትልቁ አደጋ ተኩሱ ላይ ሳይሆን ጨለማ ውስጥ በሚደረጉት በእነዚህ ሁለት ጉዞዎች ላይ ነው። ሞንሱን የሚባለው የበጋ ዝናብ ከጣለ በኋላ የሚመጣው ሞቅ ያለ ምሽት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስጠነቅቃል።

በኦክቶበር አጋማሽ የድርጭት አደን ሲጀመር ነገሩ ይገለበጣል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እባቡ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወደሚያገኝበት ድንጋይ ይወጣል፣ ቀን በቀን ይንቀሳቀሳል። ብርዱ ሲጠና ብዙዎቹ ወደ ደቡብ በሚመለከት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ወዳለ ዋሻና ስንጥቅ ይገባሉ፤ አንዳንዴም በርከት ብለው አንድ ላይ። ጃንዋሪ ላይ ጃቬሊና የሚባለውን አሳማ መሰል የዱር እንስሳ የሚያድን ሰው «አሁን እባብ የለም» ብሎ ጠቅልሎ እንዳይደመድም፤ ደቡብ አሪዞና ውስጥ ሞቅ ባለ የጃንዋሪ ቀን ከዋሻው አፍ ላይ ፀሐይ ሊሞቅ ይወጣል። ተዳፋቱን ስትወጡ በእጅ የምትይዙት ድንጋይ ደግሞ ልክ በዚያ ቁመት ነው።

የሚቀመጥባቸው ቦታዎች

አይጥ ያለበት ሁሉ ይጠረጠራል። በአሪዞና መጀመሪያ የምትማሩት የፓክራት ጎጆ ነው፦ ይህ አይጥ ጭራሮ፣ የቁልቋል እሾህና የከብት ፋንድያ ሰብስቦ በበለስ ቁልቋል ወይም በሜስኪት ሥር ይከምራል። (ሜስኪት አፋርን ያጥለቀለቀው የፕሮሶፒስ ዘመድ ነው፤ አፋርን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።) ክምሩ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ለእባቡ ቤትም ማዕድ ቤትም ናቸው። ለከብት የተገደቡ ኩሬዎች ዳር፣ የድንጋይ ከንፈር ሥር፣ የተጣለ ቆርቆሮ ሥር፣ የተዉ ማዕድን ማውጫዎች አፍ፣ የደረቀ የወንዝ አልጋ ሁለት ዳሮች፣ እነዚህን ሁሉ እባብ አለባቸው ብላችሁ አስቡ። መኪና ካቆማችሁ የመኪናው ጥላም ጥላ ነው፤ ተመልሳችሁ በር ከመክፈታችሁ በፊት ከሩቅ ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን እዩ።

አሪዞና ብቻዋን 13 የራትልስኔክ ዝርያዎች አሏት። በብዛት የሚያጋጥመው ዌስተርን ዳይመንድባክ ነው፤ ጀርባው ላይ የአልማዝ ቅርጽ፣ ጅራቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለበት። ሞሃቪ የሚባለው በጣም ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ይስባል፣ የጅራቱም ነጩ ቀለበት ከጥቁሩ ይሰፋል። መርዙ ግን ይለያል፣ በኋላ እመለስበታለሁ። በሜዳ ላይ ሁለቱን ለመለየት መቅረብ ግን ከንቱ ነው፤ ሐኪሙም ለማከም የእባቡን ስም አይፈልግም።

እግርና እጅ

አዳኝን ከተራ መንገደኛ የሚለየው ዓይኑ ሩቅ መሆኑ ነው። ኮረብታውን እየቃኘ ይራመዳል። ልማዱን የሚያርመው አንድ ደንብ ብቻ ነው፦ ስትሄዱ መሬቱን፣ ስትቆሙ አድማሱን። እየሄዱ ሁለቱንም ማየት አይቻልም። ከፊታችሁ ሁለት ሦስት ሜትር ያለውን እያያችሁ ተራመዱ፤ አውሬ መፈለግ ስትሹ ቁሙ። ግንድ ወይም ትልቅ ድንጋይ ሲያጋጥም ዘላችሁ አትሻገሩ፤ ላዩ ላይ ውጡ፣ ወዲያ ማዶውን ተመልከቱ፣ ከዚያ ውረዱ። ከማዶው ተጠግቶ ያደፈጠውን እግራችሁ አያየውም።

በጨለማ የግንባር ባትሪ ብቻውን አይበቃም። ብርሃኑ ከዓይናችሁ አቅጣጫ ስለሚወርድ ጥላ አይታይም፤ መሬቱ ጠፍጣፋ ይመስላል። የእጅ ባትሪ በወገብ ቁመት ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ብትይዙ እያንዳንዱ ጠጠር ጥላ ይጥላል፣ ጥቅልል ያለውም ነገር ብቅ ይላል። አውሬ እንዳይደነግጥ ተብሎ የሚያዘው ቀይ ብርሃን ደግሞ የእባቡን ቀለም ከአፈሩ ጋር ያመሳስለዋል። እየተራመዳችሁ ከሆነ ነጩን ተጠቀሙ፤ የሚሸሽ አጋዘን ነገም ይመጣል።

አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፉት በርቀት መነጽር እየቃኙ ነው፤ የሚመርጡት መቀመጫ ደግሞ ጀርባ የሚያስደግፍ ድንጋይና ጥላ ያለው ነው። እባቡም ቢጠየቅ የሚመርጠው እዚያው ነው። ከመቀመጣችሁ በፊት የድንጋዩን ሥርና ሁለቱን ጎኖች በረጅም ዱላ ነካ ነካ አድርጉ፣ ከቁጥቋጦው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላውም ይዞራል፤ ስትቀመጡ ባዶ የነበረው ከሰዓት በኋላ ባዶ ላይሆን ይችላል። ስትነሡ እጃችሁን መሬት ላይ ከመደገፋችሁ በፊት ዞራችሁ እዩ፣ ቦርሳችሁንም ከማንሣታችሁ በፊት በዱላ ገልብጡት።

በቀስት የሚያድኑት የባሰ ነገር ያደርጋሉ። ኦገስት ውስጥ፣ ወደተኛ አጋዘን የመጨረሻዋን ሃምሳ ሜትር ሲጠጉ ኮቴ እንዳይሰማ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይሄዳሉ፣ ወይም በሆዳቸው ይሳባሉ። ለጸጥታው ጥሩ ነው። በእባብ አገር ግን ዋጋው አይመጣጠንም፤ በተለይ በሆድ መሳብ ፊትንና አንገትን ከእባቡ ቁመት ጋር ያስተካክላል፣ እዚያ ላይ መነከስ ደግሞ የመተንፈሻ መንገድን ሊዘጋ ይችላል። ወለሉ የማይታይ ሣር ወይም ቁጥቋጦ ከሆነ አትሳቡ፤ አጋዘኑ እስኪነሣ መጠበቅ ይሻላል። የሽቦ አጥር ሥር ማለፍም ያው መሳብ ስለሆነ በሩን ፈልጉ።

ወፍ ለሚያድኑት ክፉዋ ሰዓት የወደቀውን የሚያነሡባት ናት። ወፉ የወደቀበትን ነጥብ ላለማጣት ዓይን እዚያው ተክሎ መሮጥ የተለመደ ነው፤ እግር በዚያን ጊዜ ዕውር ነው። ነጥቡን በአንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ ምልክት ያዙና በእርጋታ ሂዱ። ቁልቋል ውስጥ የወደቀውን በእጅ ሳይሆን በዱላ ስባችሁ አውጡ። የቆሰለ ድርጭት እየሮጠ ፓክራት ጎጆ ውስጥ ይገባል፤ እጅን ወደዚያ ቀዳዳ መስደድ አንድ ድርጭት የማያወጣው ዋጋ አለው።

ስለ ልብስ

ከጉልበት በታች የሚደርስ የእባብ ቡት፣ ወይም በተራ ቡት ላይ የሚታሰር የቅልጥም ሽፋን ይረዳል። ሽፋኑ የተሠራው ወፍራም ኮርዱራ ጨርቅ ውስጥ ጠንካራ ናይለን ወይም ፖሊካርቦኔት ገብቶበት ነው። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የሽፋኑ ታችኛው ጫፍ የቡቱን ማሰሪያ ካልሸፈነ ቁርጭምጭሚትና የእግር ጀርባ ይጋለጣሉ። መረብ ያለው ቀላል የስፖርት ጫማ ላይ ደግሞ የትኛውም ሽፋን ትርጉም የለውም። ሙቀቱ አላስችል ካላችሁ ሰፋ ያለ ጂንስ እንኳን ከባዶ እግር ይሻላል፤ በ2009 የታተመ ሙከራ ላይ በጂንስ የተሸፈነ አርቲፊሻል እግር ውስጥ የገባው መርዝ ከባዶው ከግማሽ በታች ነበር። ጠባብና ቆዳ ላይ የተጣበቀ ሱሪ ግን እንዲህ አይሠራም።

ካያችሁት

ቁሙ። በዓይን እስክታገኙት አትንቀሳቀሱ፤ ያላያችሁት ሁለተኛ ሊኖር ይችላል። ካገኛችሁት በኋላ በዝግታ ወደመጣችሁበት አፈግፍጉ። የሚሰነዝረው በአብዛኛው ከርዝመቱ ሲሶ እስከ ግማሽ ነው፤ ለአንድ ሜትር ከሃያ እባብ ስልሳ ሳንቲ ያህል። ሁለት ሜትር ከራቃችሁ የሚያሳስብ ነገር የለም፣ እንዲሄድ ትታችሁ ዙሩት። መተኮስ አልመክርም። በቅርብ ርቀት ድንጋይ ላይ የተተኮሰ የሾትገን ፍንጣሪ ይመለሳል፤ አደኑንም ታበላሻላችሁ። በአሪዞና ለመግደልም የአደን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አራት ዝርያዎች ደግሞ ጨርሶ አይነኩም። የሞተውንም በእጅ አትንኩ፤ የተቆረጠ ጭንቅላት ከተቆረጠ በኋላ ረጅም ጊዜ ይነክሳል፣ ቃጭሉን ለማስታወሻ ሲቆርጥ የተነከሰ ሰው ለሐኪሞች አዲስ ታሪክ አይደለም።

የአደን ውሻ ካላችሁ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ከወቅቱ በፊት የእባብ ሽታና ድምፅ እንዲሸሽ የሚያስተምር ሥልጠና ነው። ውሻ የሚነከሰው በአብዛኛው አፍንጫው ላይ ነው። ከተነከሰ የአንገት ማሰሪያውን ፍቱ፣ ተሸከሙት፣ ፀረ መርዝ ያለው የእንስሳት ሐኪም የት እንዳለ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ እወቁ።

ከነከሰ

አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ7,000 እስከ 8,000 ሰው በመርዛማ እባብ ይነከሳል፤ የሚሞተው አምስት ያህል ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሆስፒታል ነው። ስለዚህ ሥራው አንድ ነው፦ ቶሎ ወደ ፀረ መርዙ መድረስ።

ከእባቡ ራቁ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ ጠባብ ጫማ አውልቁ፤ እብጠቱ ሲመጣ አይወጡም። የተነከሰውን አካል አታንቀሳቅሱ፣ በልብ ቁመት አካባቢ አሳርፉት። እብጠቱ የደረሰበትን ጫፍ በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉበት፤ በየ15 ደቂቃው ድገሙት። ለሐኪሙ ከእባቡ ፎቶ ይልቅ ይህ መስመር ይጠቅመዋል። 911 ደውሉ፤ ስልክ የማይሠራበት ቦታ የሳተላይት መልእክት መላኪያ ያዙ፣ ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉት ስልኮችም የሳተላይት ድንገተኛ ጥሪ አላቸው። ነጻ የመርዝ ምክር መስመሩ 1-800-222-1222 ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ከአገር ቤት ይዘናቸው የመጣናቸው ልማዶች እዚህ ላይ መተው አለባቸው። በገመድ ማሰር መርዙን አንድ ቦታ አጉሮ ሥጋውን ይገድላል። በምላጭ መብጣትና በአፍ መምጠጥ ቁስል ከመጨመር በቀር መርዝ አያወጡም። ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም እንዲሁ፤ ጊዜ ይበላል። በረዶ፣ አልኮልና የኤሌክትሪክ ንዝረትም ከዚሁ ጎራ ናቸው። ለሕመሙ አስፒሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፤ መርዙ ራሱ የደም መርጋትን ያዛባል። ለአንዳንድ የአውስትራሊያ እባቦች የሚመከረው እግሩን በሙሉ በፋሻ አጥብቆ መጠቅለልም ለራትልስኔክ አይመከርም።

«አላበጠም፣ ደረቅ ንክሻ ነው» ብሎ መቀመጥ አደገኛ ነው። ከአራት ንክሻ አንዱ ያህል መርዝ የሌለው መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን የሚያውቀው ግን በሰዓታት ክትትልና በደም ምርመራ ሆስፒታሉ ብቻ ነው። ሞሃቪን የማነሣው ለዚህ ነው፦ ከሚኖርበት አካባቢ በብዙው ቦታ መርዙ ነርቭን ያጠቃል፤ እብጠቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ ንግግር ይከብዳል፣ ትንፋሽ ይደክማል። የከንፈር መደንዘዝ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ማስታወክ፣ የጡንቻ መርገብገብም ወዲያው የሚነገሩ ምልክቶች ናቸው።

ሆስፒታሎች የሚጠቀሙባቸው ሁለት ፀረ መርዞች ክሮፋብና አናቪፕ ናቸው። ክሮፋብ የሚጀመረው ከ4 እስከ 6 ብልቃጥ፣ አናቪፕ በ10 ብልቃጥ ነው፤ እብጠቱ ካልቆመ ይጨመራል። አንድ ብልቃጥ በሺህ ዶላሮች ስለሚቆጠር ትንንሽ የገጠር ሆስፒታሎች በበቂ ላይይዙ ይችላሉ። ወደ ቅርቡ በራሳችሁ ከመንዳት 911 የሚልካችሁን ማመን የሚሻለው ለዚህም ነው፤ የተነከሰው ሰው ደግሞ ጨርሶ አይንዳ። ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) እና የደም መርጋት ከቀናት በኋላ እንደገና ሊወርዱ ይችላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንትና በሁለተኛው የሚታዘዘውን የደም ምርመራ አትዝለሉ፤ የጥርስ ማስነቀልና ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ።